ሶዳ የሌለበት ብርጭቆ ውስጥ ያሉት የቆስጣ ዲስኮችም ተንሳፈፉ፤ ችግሩ የት ነው? (ሐዋሳ)

#1 ፊላ_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የብርሃን አስተጻምሮ (ፎቶሲንተሲስ) ሙከራ ነው፤ ከቆስጣ ቅጠል በወረቀት መብሻ የተቆረጡ ትንንሽ ክቦች (ዲስክ ልበላቸው) ውሃ ውስጥ ይሰምጡና ብርሃን ሲያገኙ ኦክሲጅን ሠርተው ይንሳፈፋሉ የሚባለው። አሠራሩ፦ 300 ሚሊ ሊትር የጉድጓድ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ማነጻጸሪያው ብርጭቆ ላይ ውሃውና ሳሙናው ያው ነው፣ ሶዳ ግን የለም። ሁለቱም መስኮት ዳር፣ የቀትር ፀሐይ ላይ።

ውጤቱ፦ ሶዳ ያለበት ላይ ከ10 ዲስክ 4 ብቻ ተነሡ፣ ያውም ጠርዛቸው ተኮማትሮ። ሶዳ የሌለበት ላይ በ20 ደቂቃ ውስጥ 6 ተነሡ። መሆን የነበረበት ተገላቢጦሹ ነው። መጽሐፉ ነው የተሳሳተው ወይስ ቆስጣው?

#2 የላብ_ሰው

መጽሐፉም ቆስጣውም ደህና ናቸው። መጀመሪያ የምጠረጥረው ውሃውን ነው፤ ቀጥሎ ማንኪያውን፣ ከዚያ ፀሐዩን።

ውሃው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ብዙ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሸከማል፤ የአካባቢው ፍሎራይድ ችግርም ከዚሁ ዓይነት ውሃ ጋር ነው የሚመጣው። ቤኪንግ ሶዳስ ምንድን ነው? ያው ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ለቅጠሉ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንጭ የሚሆነው። እንግዲህ እርስዎ «ሶዳ የለበትም» ያሉት ብርጭቆ ላይ መሬቱ ቀድሞዎት ጨምሮበታል። የሐይቁ ውሃ ደግሞ የባሰ ነው፤ ባይካርቦኔቱ አለ፣ በዚያ ላይ የራሱ አልጌ ኦክሲጅን ይሠራል።

ማንኪያው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ግራም ገደማ ይይዛል፤ በ300 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1.7 በመቶ ይሆናል። የሚፈለገው 0.2 በመቶ ነው፣ ማለትም 0.6 ግራም፣ የማንኪያው አንድ ስምንተኛ። ሰላጣ ላይ ጨው ነስንሰው ቢያቆዩት ውሃውን ተፍቶ እንደሚልፈሰፈስ፣ ዲስኩም የሆነው እሱ ነው። ከተኮማተረ ሕዋስ ብዙ ኦክሲጅን አይጠበቅም።

ፀሐዩ። ውሃው ሲሞቅ ሟሙቶበት የነበረውን አየር ይለቅቃል፤ አረፋው ዲስኩ ላይ ተለጥፎ ያነሣዋል። ይህ ከፎቶሲንተሲስ ጋር አይገናኝም። ለመለየት ብርጭቆውን በጣት መታ መታ ያድርጉት፦ ከውጭ በተለጠፈ አረፋ የተነሣው አረፋው ሲላቀቅ ይሰምጣል፤ ሆዱ ውስጥ ኦክሲጅን የሞላው ንቅንቅ አይልም።

አንድ ነገር ደግሞ ያረጋግጡ፦ ዕቃው ላይ የተጻፈው «ቤኪንግ ሶዳ» ነው ወይስ «ቤኪንግ ፓውደር»? ፓውደሩ ውስጥ ደረቅ አሲድና ስታርች አለበት፤ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዲስኩንም ጨለማ ውስጥ ሳይቀር ያንሳፍፈዋል።

#3 ፊላ_ዳር

ሶዳ ነው፣ ፓውደር አይደለም። የጉድጓዱን ውሃ ባፈላውስ? ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣ የለም እንዴ?

#4 የላብ_ሰው

የሟሟው ጋዝ ይወጣል፤ ባይካርቦኔቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ቢሆን ሲፈላ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ጀበናው ግድግዳ ላይ ይቀር ነበር። ከሶዲየም ጋር ያለው ግን እዚያው ሟሙቶ ይቆያል፤ ከፊሉ ወደ ካርቦኔት ይለወጥና ውሃውን ይበልጥ አልካላይን ያደርገዋል።

ለማነጻጸሪያ የዝናብ ውሃ ይጠቀሙ። 5 ደቂቃ አፍልተው፣ ከድነው ያቀዝቅዙ፤ ሳይከደን ከቀዘቀዘ ከአየር መልሶ ይስባል። በሶዳው ብርጭቆ ልክ እንዲመጣጠን 0.4 ግራም የገበታ ጨው ይጨምሩበት። እንዲህ ሲሆን የሁለቱ ጨውነት ይቀራረብና ዋናው ልዩነት ባይካርቦኔቱ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ጨው ይዘለዋል፤ ያኔ ተማሪ «ልዩነቱን ያመጣው ጨውነቱ ቢሆንስ?» ሲል መልስ የለም።

ማስመጡ ላይ፦ መርፌው የወጣ የ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ 10 ዲስክ፣ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ። አየሩን ወደ ላይ ገፍተው ያስወጡ፣ ጫፉን በጣት ደፍነው መግፊያውን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ 10 ሰከንድ ይዘው እየነቀነቁ ይልቀቁ። በቅጠሉ ውስጥ ያለው አየር ወጥቶ ውሃ ይተካዋል፤ ዲስኩ ጠቆር ብሎ ይሰምጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ መሳብ ሕዋሱን ይጎዳል፤ የሰመጠ ይመስላል እንጂ ኋላ የሚነሣ ዲስክ አይሆንም። ሳሙናው አንድ ጠብታ ብቻ ነው፤ ሥራው የቅጠሉን ሰም አልፎ ውሃው እንዲገባ ማድረግ ነው። አረፋ ካወጣ በዝቷል ማለት ነው። ጎመን ሰሙ ወፍራም ስለሆነ በግድ ነው የሚሰምጠው፤ ቆስጣ መምረጥዎ ልክ ነው። መብሻው ወፍራሙን ጅማት አይንካ።

#5 ጥያቄ_አለኝ

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ልግባ። ኦክሲጅኑ ከውሃ ነው የሚወጣው ተብለን ተምረናል፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም። ዲስኩ ደግሞ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ታዲያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠፋ ኦክሲጅኑ ለምን ይቆማል? ውሃው አለ፣ ብርሃኑ አለ፣ ሌላ ምን ጎደለ?

#6 ሐመልሚል

ክሩ ውስጥ እስካሁን ከተጠየቀው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። የጎደለው ኤሌክትሮኑ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ከመጀመሪያው እንሂድ። ክሎሮፕላስት (ፎቶሲንተሲስ የሚካሄድበት አረንጓዴ የሕዋስ ክፍል) ውስጥ ታይላኮይድ የሚባሉ ጠፍጣፋ ከረጢቶች አሉ፤ ክሎሮፊሉ የተሰካው በእነሱ ሽፋን ላይ ነው። ብርሃን በመቶ የሚቆጠሩ የክሎሮፊል ሞለኪውሎችን ቢመታም ጉልበቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበለ ወደ መሃል ይደርሳል። ፎቶሲስተም 2 (ብርሃን ከሚቀበሉት ሁለት የፕሮቲንና የክሎሮፊል ስብስቦች አንዱ) ላይ ያለው የመሃል ክሎሮፊል (ፒ680) ኤሌክትሮኑን አውጥቶ ይሰጣል። ኤሌክትሮን ያጣ ፒ680 በሕያው ነገር ውስጥ ከሚታወቁት ሁሉ ብርቱ ኤሌክትሮን ነጣቂ ነው፤ ከውሃ ሳይቀር ይነጥቃል። መንጠቂያው አራት ማንጋኒዝና አንድ ካልሲየም ያለበት ስብስብ ነው፤ ከሁለት የውሃ ሞለኪውል አራት ኤሌክትሮን አንድ በአንድ ይወስዳል። የተረፈው አንድ ሞለኪውል ኦክሲጅንና አራት ፕሮቶን ነው።

ኤሌክትሮኑ በፕላስቶኩዊኖን፣ በሳይቶክሮም ቢ6ኤፍ፣ በፕላስቶሲያኒን ተሸጋግሮ ፎቶሲስተም 1 ይደርሳል። እዚያ ሁለተኛ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ከፍ ያደርገዋል፤ በፌሬዶክሲን በኩል ኤንኤዲፒ ላይ ያርፍና ኤንኤዲፒኤች ይሠራል። ማራገፊያው ይህ ነው።

ክሎሮፕላስት ውስጥ ያለው ኤንኤዲፒ ግን ጥቂት ነው። ባዶ ሆኖ የሚመለሰው ስኳር የሚሠራው የካልቪን ዑደት ኤሌክትሮኑን ከወሰደለት ነው፤ ዑደቱ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሌለ ቆሟል። መጋዘኑ ሞልቶ ማራገፍ ሲቆም ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ እስከ መንገዱ መግቢያ እንደሚሰለፍ፣ ኤሌክትሮኑም ወደ ኋላ ይከማቻል፤ ፎቶሲስተም 2 የያዘውን የሚሰጠው ያጣል፣ ውሃ መሰንጠቁም ይቆማል።

ይህ ግምት አይደለም። እንግሊዛዊው ባዮኬሚስት ሮበርት ሂል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከሕዋስ የወጣ ክሎሮፕላስት ላይ ኤሌክትሮን የሚቀበል የብረት ውሁድ ጨምሮ አበራበት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚጠቀም ነገር ሳይኖር ኦክሲጅን ወጣ። ማራገፊያ ሌላ ሰጠው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ኬሚስቶቹ ሩበንና ካመን በከባድ ኦክሲጅን (ኦ-18) ምልክት የተደረገበት ውሃ ሰጥተው የሚወጣው ኦክሲጅን ምልክቱን ይዞ መውጣቱን አሳዩ።

ኤሌክትሮን መሄጃ ሲያጣ የሚሆነውን በዓይን ማየት ይቻላል። ቆስጣ በአልኮል ጨቅጭቃችሁ አጥልሉ፤ አረንጓዴውን ፈሳሽ ጨለማ ክፍል ውስጥ በብር ኖት መፈተሻ መብራት አብሩበት። ደም የመሰለ ቀይ ያበራል። ክሎሮፊሉ ብርሃኑን ተቀብሏል፣ ከሽፋኑ ስለተነቀለ ግን የሚያቀብለው የለም፤ ጉልበቱን መልሶ በቀይ ብርሃን ይጥለዋል።

#7 ጥያቄ_አለኝ

አሁን ገባኝ። ስለዚህ ብርሃን የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው፣ ስኳር መሥራቱ «የጨለማ ሂደት» ነው፤ ማታ ይሠራል ማለት ነው?

#8 አዝመራ

ይህን ስም ከመጽሐፍ የሚያወጣልን ሰው ቢገኝ እናመሰግነው ነበር። ማታ አይሠራም። ሂደቱ ፎቶን በቀጥታ አይቀበልም ለማለት ነበር «ጨለማ» የተባለው፣ ትርጉሙ ግን ጠፍቷል። ኤቲፒ (የሕዋሱ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል) እና ኤንኤዲፒኤች ክሎሮፕላስት ውስጥ ለሌሊት የሚቀመጥ ክምችት የላቸውም፤ መብራት ሲጠፋ በአጭር ጊዜ ያልቃሉ። በዚያ ላይ የዑደቱ ዋና ዋና ኤንዛይሞች በብርሃን የሚከፈቱ ናቸው፦ ከፌሬዶክሲን የሚመጣ ኤሌክትሮን ታዮሬዶክሲን በሚባል ፕሮቲን በኩል ቁልፋቸውን ይፈታል፤ ብርሃን ሲኖር የስትሮማው (ከረጢቶቹን የከበበው ፈሳሽ) ፒኤች ከ7 ወደ 8 ይወጣል፣ ማግኒዚየሙም ይጨምራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያስረው ኤንዛይም፣ ሩቢስኮ፣ የሚነቃው በዚህ ነው። አብዛኞቹ ተክሎች ማታ የሚያደርጉት ቀን ያስቀመጡትን ስታርች እየፈቱ ስኳሩን ወደ ሥርና ወደ ቡቃያ መላክ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ማታ የሚያስገቡ አሉ፦ አናናስ፣ ቁልቋል፣ ቃጫ። ውሃ ለመቆጠብ ቀዳዳቸውን ሌሊት ይከፍቱና ጋዙን ማሊክ አሲድ አድርገው ያከማቹታል። ስኳሩን የሚሠሩት ግን እነሱም ቀን፣ ቀዳዳውን ዘግተው ነው።

#9 ሐመልሚል

በ#6 ስለ ኤቲፒ አላወራሁም። ፕሮቶኑ ነው ነገሩ።

ውሃ ሲሰነጠቅ 4 ፕሮቶን ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል፤ ኤሌክትሮኖቹ ቢ6ኤፍን ሲያልፉ ሌላ 8 ወደ ውስጥ ይገባል። ለአንድ ሞለኪውል ኦክሲጅን 12 መሆኑ ነው። የከረጢቱ ውስጥ አሲድ ይሆናል፣ ውጩ አልካላይን፤ ፕሮቶኖቹ በኤቲፒ ሲንቴዝ በኩል ሲወጡ ወፍጮ እንደሚያዞር ውሃ ያዞሩታል። ይህን ሐሳብ ያመጣው እንግሊዛዊው ባዮኬሚስት ፒተር ሚቸል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርበው ብዙው ባለሙያ አልተቀበለውም፤ ኖቤል ያገኘው በ1978 ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጃገንዶርፍ በ1960ዎቹ ያደረገው ግን ከክርክር በላይ ነው፦ ታይላኮይዶችን ጨለማ ውስጥ ፒኤች 4 ላይ ዘፈዘፈ፣ ከዚያ በድንገት ወደ ፒኤች 8 አዛወረ። አንድም ፎቶን ሳይነካቸው ኤቲፒ ሠሩ። ብርሃኑ የሚሠራው ልዩነቱን ነው፤ ኤቲፒውን የሚሠራው ልዩነቱ ነው።

ሂሳብ ለምትወዱ፦ ሲንቴዙ አንድ ዙር ሲዞር 14 ፕሮቶን አሳልፎ 3 ኤቲፒ ይሠራል። በ12 ፕሮቶን 2.57 ኤቲፒ ይገኛል፤ ከጎኑ 2 ኤንኤዲፒኤች። የካልቪን ዑደት አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማሰር 3 ኤቲፒና 2 ኤንኤዲፒኤች ይጠይቃል። ስለዚህ ኤቲፒ ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል። ቅጠሉ ጉድለቱን ከሚሞላባቸው መንገዶች አንዱ ከፎቶሲስተም 1 የወጡ ኤሌክትሮኖችን መልሶ በቢ6ኤፍ ማዞር ነው፤ በዚያ ዙር ፕሮቶን ይገባል፣ ኤንኤዲፒኤች ግን አይሠራም።

የጉልበቱስ? ለአንድ ኦክሲጅን ቢያንስ 8 ፎቶን ይሄዳል። የ680 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን አንድ ሞል ፎቶን 176 ኪሎጁል ይይዛል። ለአንድ ሞል ግሉኮስ 48 ሞል ፎቶን፣ 8,448 ኪሎጁል። ግሉኮሱ ሲቃጠል የሚሰጠው 2,870 ነው፤ 34 በመቶ። ማሳ ላይ ግን እንዲህ አይጠበቅም። ከፀሐይ ጉልበት ግማሽ ያህሉ ክሎሮፊል የማይጠቀምበት ኢንፍራሬድ ነው፤ ሰማያዊ ፎቶን ትርፍ ጉልበቱን በሙቀት ይጥላል፤ ተክሉም ራሱ ይተነፍሳል። በንድፈ ሐሳብ ጣሪያው እንደ ስንዴ ላሉት 4.6፣ እንደ በቆሎ ላሉት 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ማሳ ላይ የሚገኘው ከዚያም በእጅጉ ያንሳል።

#10 ፊላ_ዳር

ስንዴና በቆሎ ለምን ተለያዩ? ጤፍስ ከየትኛው ነው? ተማሪዎች መጠየቃቸው አይቀርም።

#11 አዝመራ

ጤፍ ከበቆሎ ወገን ነው፤ ማሽላና ሸንኮራም። ሲ4 ይባላሉ። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ቡና፣ እንሰት ሲ3 ናቸው።

ጣጣው ሩቢስኮ ነው። በሰከንድ ሦስት ያህል ሞለኪውል ብቻ የሚያስር ቀርፋፋ ኤንዛይም ነው፤ ለዚህም ነው ቅጠል በብዛት የሚያመርተው። ላዩ ላይ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከኦክሲጅን በደንብ አይለይም። በ25 ዲግሪ ሲ3 ቅጠል ውስጥ ከአራት አንዴ ገደማ ኦክሲጅን ያነሣል፤ ያን ስሕተት ለማረም ተክሉ ኤቲፒ ያወጣል፣ ያሰረውንም ካርቦን መልሶ ይለቅቃል። ሙቀት ሲጨምር ስሕተቱ ይብሳል። ሲ4 ተክሎች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጀመሪያ በሌላ ኤንዛይም ይይዙና በጅማቱ ዙሪያ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ያጭቁታል፤ ሩቢስኮ እዚያ በጋዝ ተከብቦ ስለሚሠራ ብዙም አይሳሳትም። ዋጋው ለአንድ ካርቦን 2 ተጨማሪ ኤቲፒ ነው። በሞቃት አገር ያዋጣል፣ በደጋ ብርድ ላይ ግን ትርፉ ይጠባል፤ ስንዴና ገብስ ደጋ ላይ የማይሸነፉት በከፊል ለዚህ ነው።

ቡና ጥላ መውደዱም ከዚሁ ሂሳብ ነው። የቀትር ፀሐይ በካሬ ሜትር በሰከንድ 2,000 ማይክሮሞል ፎቶን ያወርዳል፤ የቡና ቅጠል ከዚያ ሲሦ ባልሞላው ይጠግባል። የቀረው ትርፍ ሸክም ነው፤ በሙቀት መልክ ካልጣለው ፎቶሲስተም 2ን ያቃጥለዋል።

ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱም ግፊት በዚያው ልክ። ኦክሲጅኑም አብሮ ስለሚቀንስና ጋዝ በሳሳ አየር ውስጥ ፈጥኖ ስለሚሰራጭ ግን ጉዳቱ ቁጥሩ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም።

#12 ጥያቄ_አለኝ

ዲስኩ ኦክሲጅኑን ያሳያል። ስኳሩንስ በምን እናሳየው? አዮዲን ሞክረን ቅጠሉ ቡናማ ብቻ ሆነ።

#13 የላብ_ሰው

ቡናማ ማለት ወይ ስታርች አልነበረም፣ ወይ አዮዲኑ አልደረሰበትም፣ ወይ ቅጠሉ ትኩስ ነበር። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ የአዮዲንና የስታርች ሰማያዊ ጥቁር ቀለም በሙቀት ይጠፋል፤ ቅጠሉ መቀዝቀዝ አለበት።

የቦሎቄ ወይም የስኳር ድንች ቅጠል ውሰዱ። የሽንኩርት ቅጠል አይሆንም፤ ስታርች አያስቀምጥም። ተክሉን 48 ሰዓት ጨለማ ውስጥ አቆዩት፣ ያለው ስታርች እንዲያልቅ። ከቅጠሉ ከፊሉን በፎይል ሸፍናችሁ 6 ሰዓት ብርሃን ላይ አውጡት። ከዚያ ቅጠሉን አንድ ደቂቃ በፈላ ውሃ፣ ሕዋሱ እንዲሞትና እንዲከፈት። ቀጥሎ ነጭ እስኪሆን በአልኮል። እሳት አጠገቡ አይድረስ! ምድጃውን አጥፍታችሁ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ቀድታችሁ፣ የአልኮሉን ብርጭቆ መሃሉ አስቀምጡት። ሐዋሳ ላይ ንጹሕ አልኮል በ73 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ይበቃል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ለውጡት፣ አለዚያ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። የፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ይሠራል፣ ግን ቀስ ይላል። አረቄ አይሞከር፤ ውሃው ይበዛል፣ አረቄውም ይባክናል።

ከአልኮል የወጣ ቅጠል ይሰባበራል፤ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ አለስልሱት፣ ከዚያ አቀዝቅዙት። አዮዲን ከሌለ ፖቪዶን አዮዲንን በ10 እጥፍ ውሃ አቅጥኑት፣ የቀጭን ሻይ መልክ እስኪይዝ።

#14 ፊላ_ዳር

ያስተካከልኩት እንዲህ ነው፦ የዝናብ ውሃ ለሁለቱም፤ 0.6 ግራም ሶዳ በአንዱ፣ 0.4 ግራም ጨው በሌላው፤ ጠብታ ሳሙና፤ ኤልኢዲ አምፖል በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት፤ በየደቂቃው የተነሡትን መቁጠር፤ 5ኛው ዲስክ የተነሣበትን ደቂቃ መመዝገብ። ሦስተኛ ብርጭቆ ከሶዳ ጋር በፎይል ተጠቅልሎ። አምፖሉን ወደ 40 ባርቀው ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል ብዬ ልንገራቸው?

#15 የላብ_ሰው

በግማሽ አይበሉ። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ያውም አምፖሉ ትንሽ ነጥብ ሲሆን ነው፤ ሰፊ አምፖል ላይ ያን ያህልም አይወርድም። ፍጥነቱ ደግሞ ብርሃኑን በቀጥታ የሚከተለው ቅጠሉ እስኪጠግብ ብቻ ነው፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ጠግቦ ከሆነ ወደ 40 ሲርቅ ብዙም ላይለወጥ ይችላል። 10፣ 20፣ 40 እና 80 ላይ ይለኩና መስመሩ የት እንደሚጎብጥ ራሳቸው ያግኙት።

ሁሉም ዲስክ ከተነሣ በኋላ ብርጭቆውን አይድፉት። በፎይል ሸፍነው ያቆዩት፤ ጨለማ ውስጥ ሕዋሱ እየተነፈሰ ኦክሲጅኑን ሲበላው ዲስኮቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ጊዜ ይወስዳል፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ላይበቃ ይችላል።

#16 ሐመልሚል

አረንጓዴ ሴሎፎን ሸፍነው «አረንጓዴ ብርሃን አይሠራም» ሊሉ ካሰቡ ግን ይተዉት። ቅጠል አረንጓዴውን ከሌላው በላይ ቢያንጸባርቅም ከግማሽ በላዩን ውጦ ይሠራበታል፤ ሴሎፎኑም ሌላ ቀለም ያሾልካል። ዲስኩ ይነሣና ያፍራሉ።

#17 ፊላ_ዳር

ሴሎፎኑ ተሰርዟል። የዝናቡን ውሃ ከጣሪያ ቆርቆሮ ብወስደውስ?

#18 የላብ_ሰው

ከቆርቆሮው ከሆነ መጀመሪያ የሚወርደው አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባል፤ ናይትሬትም ካርቦኔትም ይይዛል። ዝናቡ ከጀመረ 15 ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ይቅዱ። ከሁሉ የሚሻለው የታጠበ የፕላስቲክ ሳህን ሜዳ ላይ አውጥቶ በቀጥታ ከሰማይ መቀበል ነው፤ ለሁሉም ብርጭቆ አንድ ሊትር ከበቂ በላይ ነው።